ፋይናንስ ሳልማር ለፋይናንስ ፈተና እንዴት ተዘጋጀሁ

(በማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ ከቀረበው ንግግር)

 

የማኅበሩ ኮሚቴ «ስለ ፈተናው መጥተሽ ንገሪን» ሲለኝ መጀመሪያ እንቢ ብዬ ነበር። ገና አልጨረስኩማ! ከአምስቱ ፈተናዎች አራቱን አልፌያለሁ፤ አምስተኛው ይቀረኛል። ካለፍኳቸውም አንዱን ያለፍኩት አንዴ ወድቄ፣ ደግሜ ተፈትኜ ነው። ይህን ስነግራቸው «የጨረሰ ሰው ሁሉ ቀላል ነበር ይላል፣ አንቺ ሳይረሳሽ ተናገሪ» አሉኝ። እሺ አልኩ።

መጀመሪያ ፈተናው ምን እንደሆነ ላስረዳ። እዚህ እስራኤል ውስጥ፣ ሰው ገንዘቡን በምን ላይ እንዲያውል፣ የትኛውን አክሲዮን ወይም ቦንድ እንዲገዛ መምከርን ሥራዬ ብሎ የሚይዝ ሰው ፈቃድ ማውጣት አለበት። ይህን የሚያዘው ሕግ የወጣው በ1995 ነው። ፈቃዱን የሚሰጠውም፣ ፈተናውን የሚያዘጋጀውም ራሹት ኒያሮት ኤሬኽ የሚባለው መሥሪያ ቤት ነው፤ በአማርኛ የሰነደ ሙዓለ ንዋይ ባለሥልጣን ልንለው እንችላለን። ፈቃድ ያለው አማካሪ ዮዔጽ ሀሽቃዖት ይባላል።

ፈተናዎቹ እነዚህ ናቸው፦ የሕግና የሙያ ሥነ ምግባር፣ ኢኮኖሚክስ፣ የሒሳብ አያያዝ፣ ስታቲስቲክስና ፋይናንስ፣ በመጨረሻም የሰነደ ሙዓለ ንዋይ ትንተና። የሰውን ገንዘብ ተረክቦ ማስተዳደር የሚፈልግ ደግሞ ሌላ ፈተና ይጨመርበታል። ከፈተናው ሌላም ሂትማሑት፣ ማለትም የልምምድ ጊዜ አለ። በኢኮኖሚክስ ወይም በሒሳብ አያያዝ ዲግሪ ያለው ሰው ከመሠረታዊዎቹ ፈተናዎች ነፃ የሚሆንበት መንገድ አለ። ዲግሪ የሌለው ግን አይከለከልም፤ ሁሉንም ተፈትኖ ማለፍ ነው። እኔም የገባሁት በዚህ በር ነው።

በባግሩት ጊዜ ሒሳብ የተማርኩት ባለ 3 የሒዶት ነው። ፋይናንስ የሚባል ትምህርት በደጁም አላለፍኩም። ታዲያ ምን አገባኝ? ይህን ለመመለስ ወደ ልጅነቴ ልመልሳችሁ።

የ12 ዓመት ልጅ ሳለሁ ከእናቴ ጋር ባንክ ሄድኩ። ከእናንተ መካከል ብዙዎቻችሁ ይህን ሥራ ታውቁታላችሁ፤ አስተርጓሚ ነበርኩ። እናቴ ከጽዳት ሥራዋ ያጠራቀመችውን ገንዘብ ማስቀመጥ ትፈልጋለች። ጸሐፊዋ በትሕትና ታስረዳለች፤ እኔ ደግሞ እተረጉማለሁ። በመሐል ላይ «ታሐናት የጺኣ» የሚል ቃል መጣ። ታሐና ጣቢያ ነው፣ የጺኣ መውጫ ነው። ስለዚህ «እማዬ፣ የመውጫ ጣቢያ አለው አለች» አልኳት። እናቴ አየችኝ፣ እኔም አየኋት። አውቶቡስ ጣቢያ ይሁን ምን ይሁን፣ ሁለታችንም አልገባንም። እኔ አልገባኝም ለማለት አፈርኩ። «ጥሩ ነው ትላለች» ብዬ ጨረስኩት። እናቴም ፈረመች።

የመውጫ ጣቢያ ማለት ገንዘቡን ያለ ቅጣት ማውጣት የሚቻልበት ቀን ነው። ይህን ያወቅሁት ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። ጎንደር ያለችው አያቴ ታመመች፤ እናቴም ትኬት ለመቁረጥ ባንክ ሄደች። የሚቀጥለው ጣቢያ ገና ከዓመት በላይ ይቀረዋል ተባለች። አሁን ካፈረስሽው ወለዱን ታጫለሽ አሏት። እናቴ ወለዱን ላለማጣት ከዘመድ ተበድራ እስክትሄድ ድረስ ሁለት ሳምንት አለፈ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ አያቴን በሕይወት አገኘቻት። እኔ ግን እነዚያን ሁለት ሳምንታት አልረሳኋቸውም። ማንም አላታለለንም፤ ወረቀቱ ላይ ተጽፎ ነበር። የጎደለው የተናገሩትን የሚረዳ ሰው ነው፤ ያ ሰው ደግሞ እኔ መሆን ነበረብኝ።

ከጻቫ ከወጣሁ በኋላ ማታ ማታ በሱፐርማርኬት ካሳ ላይ እየሠራሁ ለኩርስ የሚሆን ገንዘብ አጠራቀምኩና ተመዘገብኩ። ኢኮኖሚክሱንና የሒሳብ አያያዙን እንደምንም አለፍኩ። ስታቲስቲክስና ፋይናንስ ላይ ግን ወደቅሁ።

እንዴት ወደቅሁ? ሰነፍ ስለሆንኩ አይደለም፤ እንቅልፍ አጥቼ ነው ያጠናሁት። ግን ያጠናሁት ፎርሙላ ነው። ፎርሙላዎቹን ሁሉ በቃሌ ይዤ ገባሁ። ጥያቄው ሲመጣ የትኛው ፎርሙላ ለየትኛው ጥያቄ እንደሚሆን አላውቅም። ሌላም ነገር ነበር። ዕብራይስጥ አልቸገርም፣ እዚህ ነው ያደግሁት። የፈተናው ዕብራይስጥ ግን ሌላ ነው። ሂቩን፣ ስቲያት ቴከን፣ ሪቢት ኤፌክቲቪት እያለ ሲመጣ የቤቱም የጎዳናውም ዕብራይስጥ አያደርስም። በክፍል ውስጥ ያሉት ሌሎች ልጆች ራሳቸውን ሲነቀንቁ እኔም ነቀነቅሁ። ልክ በ12 ዓመቴ ባንክ እንዳደረግሁት።

ውጤቱ ሲመጣ ለእናቴ «ገና አልመጣም» አልኳት። ሦስት ሳምንት ሙሉ ዋሸሁ። ይህን እዚህ የምናገረው እናቴ ከፊት ስለተቀመጠች ነው፤ አሁን ታውቃለች። አንድ ዓርብ ወጥ እየሠራች «ያ ፈተና ዘገየ አይደል?» ስትለኝ አለቀስኩና ነገርኳት። እናቴ አልተቆጣችም፣ አላባበለችኝም። «ምን ላይ ወደቅሽ? እስኪ ንገሪኝ» አለች። «አይገባሽም እማዬ» አልኳት። «እንግዲያው አንቺም አልገባሽም» አለችኝ።

የዛሬው ንግግሬ ዋናው ነገር ይህች አንዲት ቃል ናት። ለእናቴ በአማርኛ ማስረዳት ካልቻልኩ አልገባኝም ማለት ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ አጠናኔን ቀየርኩ። ያደረግሁትን ልንገራችሁ።

አንደኛ፣ ሦስት ዓምድ ያለው ደብተር ያዝኩ። በአንደኛው ዓምድ የዕብራይስጡን ቃል፣ በሁለተኛው አማርኛውን፣ በሦስተኛው ከቤታችን የተወሰደ ምሳሌ። መጀመሪያ የጻፍኩት ቃል ሪቢት ነው። አማርኛው ወለድ ነው። ወለድ! ገንዘብ ሲወልድ ማለት እኮ ነው። ዋናው እናት፣ ወለዱ ልጅ። ልጁም አድጎ በተራው ሲወልድ ሪቢት ዴሪቢት ይባላል። 100 ሼቄል በዓመት 5 በመቶ ቢወልድ በመጀመሪያው ዓመት 105 ይሆናል። በሁለተኛው ዓመት 110 ሳይሆን 110 ከ25 አጎራ ይሆናል። ያቺ 25 አጎራ የልጅ ልጅ ናት። ይህን ካሰብኩ በኋላ ፎርሙላውን መሸምደድ አላስፈለገኝም።

ሁለተኛ፣ ዓርብ ዓርብ፣ ሰንበት ሳይገባ፣ እናቴ ወጥ ስትሠራ እኔ ሽንኩርት እየከተፍኩ የሳምንቱን ትምህርት አስረዳት ጀመር። አንድ ቀን ሂቩን ደረሰ። ሂቩን ወደፊት የምናገኘው ገንዘብ ዛሬ ስንት ያወጣል ብሎ ማስላት ነው። በዕቁብ አስረዳኋት። አሥር ሴቶች በየወሩ 500 ሼቄል ይጥላሉ፣ ዕጣ የደረሳት 5,000 ታነሣለች። የመጀመሪያዋም የመጨረሻዋም የሚያነሡት 5,000 ነው። ግን እኩል ነው? እናቴ ሳቀች፤ «የመጀመሪያዋ ትሻላለች እንጂ!» አለች። በምን ያህል ትሻላለች? ገንዘብ በወር 1 በመቶ ሊያተርፍ ይችላል ብንል፣ ከዘጠኝ ወር በኋላ የሚመጣው 5,000 ዛሬ የሚያወጣው ወደ 4,572 ሼቄል ነው።

እዚህ ላይ እናቴ ጠየቀችኝ፦ «የመጀመሪያዋ ገንዘቡን ትራስ ሥር ብታስቀምጠውስ? ምን ተጠቀመች?» ቢላዬን አስቀመጥኩ። በኩርሱ ሁሌ «ሪቢቱ ይህን ያህል ነው» ተብሎ ይሰጠን ነበር፤ ከየት እንደመጣ ጠይቄ አላውቅም። ለካ የሚመጣው ገንዘቡ ሌላ ቦታ ቢውል ሊያገኝ ከሚችለው ነው። ትራስ ሥር ከተኛማ ጥቅም የለውም። በመጀመሪያው ፈተና ከሳትኳቸው ጥያቄዎች ብዙዎቹ የተሠሩት በዚህ ነበር።

ቀጠለች፦ «ዕጣዋን በልታ መክፈል ብታቆምስ?» እኔም «ዋስ ትጠራለች አይደል?» አልኳት። እሱ ደግሞ ቦንድ ነው። ቦንድ ማለት ለመንግሥት ወይም ለድርጅት ያበደርነው ገንዘብ ነው። ተበዳሪው ላይከፍል ይችላል ተብሎ በተፈራ ቁጥር አበዳሪ ከፍ ያለ ወለድ ይጠይቃል። ዋስ ወይም መያዣ ካለው ዝቅ ይላል። ከፍተኛ ወለድ ሲያሳዩን ቶሎ ደስ ከማለት ይልቅ «ለምን ይህን ያህል ይሰጡኛል?» ማለት ያስፈልጋል። ይህን ያስተማረችኝ ዕቁብ ሰብሳቢዋ እናቴ ናት።

ስቲያት ቴከንንም በደመወዝ አስረዳኋት። አንዱ ሰው በየወሩ 6,000 ያገኛል። ሌላው አንድ ወር 3,000፣ አንድ ወር 9,000 ያገኛል። አማካዩ እኩል 6,000 ነው፤ ኑሮው ግን እኩል አይደለም። የሁለተኛው ሰው ገቢ ከአማካዩ በ3,000 ይወጣል ይወርዳል። ስቲያት ቴከን የሚለካው ይህንን መዋዠቅ ነው። አማካዩን ብቻ ነግሮ ስለ መዋዠቁ ዝም የሚል ሰው ግማሹን ነው የነገረን።

ስጋትን ስለማከፋፈል ስናወራ ደግሞ እናቴ የአያቴን የአባቷን ነገር አነሣች። አያቴ ብረት ይቀጠቅጥ ነበር፤ ሸማም ይሠራ ነበር። ዝናብ ሊገባ ሲል ገበሬው ማረሻ ይፈልጋል። አዝመራው ሲገባ ደግሞ ሰው እጁ ላይ ገንዘብ ስለሚኖረው ሸማ ያሠራል። አንዱ ሲቀዘቅዝ ሌላው ይሞቃል። ይህ በፈተናው ሚትኣም የሚባለው ነው። ሁለት ነገሮች አብረው የሚወጡና የሚወርዱ ከሆነ ሚትኣማቸው ወደ 1 ይጠጋል፤ በተቃራኒ የሚሄዱ ከሆነ ወደ አሉታዊ 1 ይወርዳል። ሁለት ማረሻ ሠሪ መሆን ስጋት አይቀንስም፤ ማረሻና ሸማ ግን ይቀንሳል። አያቴ ፎርሙላውን አያውቅም ነበር፤ ነገሩን ግን ያውቅ ነበር።

ሦስተኛ፣ ያለፉትን ዓመታት ፈተናዎች ሠራሁ። ባለሥልጣኑ የቀድሞ ፈተናዎችን ያወጣል፤ በነፃ ይገኛሉ። ሰዓት ይዤ፣ ስልኬን ለወንድሜ ሰጥቼ እንደ እውነተኛ ፈተና እሠራቸው ነበር። ከዚያ የሳትኳቸውን በሦስት ከፈልኩ፦ ትምህርቱን ስለማላውቅ የሳትኩት፣ ቃሉን አጥርቼ ስላላነበብኩ የሳትኩት፣ ቸኩዬ የሳትኩት። ከመጀመሪያዎቹ 40 ስሕተቶቼ 23ቱ በቃል ምክንያት የመጡ ሆነው አገኘኋቸው። ለምሳሌ ናኩቭ የሚባለው ወለድና ኤፌክቲቪ የሚባለው ወለድ አንድ አይደሉም። በዓመት 12 በመቶ ተብሎ በየወሩ 1 በመቶ የሚታሰብ ከሆነ፣ ወለዱ ወለድ ስለሚወልድ የዓመቱ እውነተኛ ወለድ 12.68 በመቶ ነው። አንዲት ቃል ዘለልክ ማለት ስሌቱ ሁሉ ትክክል ሆኖ መልሱ ስሕተት ነው። ስሕተቴ ሒሳብ አለመቻል ሳይሆን አለማንበብ መሆኑን ሳውቅ ልቤ ተመለሰ። ባለ 3 የሒዶት ሒሳብ በቂ ነበር።

ስለ ጊዜ የሚጠይቁኝ አሉ። እኔ በሳምንት አምስት ቀን፣ በየቀኑ ሁለት ሰዓት፣ ጠዋት ከሥራ በፊት ነው ያጠናሁት። ሌሊት እንቅልፍ አጥቶ መጋደሉን ተውኩት፤ በማግስቱ ምንም አይቀርም። ሰንበትን አልነካሁም። ሁለት ፈተና በአንድ ወቅት ከመደራረብ ለሚሠራ ሰው አንድ በአንድ ይሻላል። ገንዘብ ከፍላችሁ ኩርስ ከመመዝገባችሁ በፊትም የቀድሞ ፈተና አውርዳችሁ አንድ ቀን ተቀምጣችሁ እዩት። ባይገባችሁ አትደንግጡ፤ የማይገባችሁ ቃሉ ነው ወይስ ሐሳቡ ነው ብላችሁ ለዩ።

አሁን ለወላጆች ትንሽ ልናገር፣ ይቅርታ አድርጉልኝ። ልጃችሁ ፈተና ላይ ሲሆን «አለፍሽ? አለፍክ?» አትበሉን። እንዋሻለን፤ እኔ ዋሽቻለሁ። «ዛሬ የተማርከውን እስኪ አስረዳኝ» በሉን። አልገባንም ብላችሁ አትፈሩ። የእናንተ «ይህስ ቢሆን?» የሚለው ጥያቄ በክፍል ውስጥ ማንም የማይጠይቀው ጥያቄ ነው።

ሌላም አለ። ሁለት ፈተና ማለፌ እንደተሰማ ጎረቤቶቻችን ደረጃው ላይ ያቆሙኝ ጀመር። አንድ ትልቅ ሰው «አንቺ ልጅ፣ ተምረሻል አሉ። ያለችኝን ገንዘብ የት ላድርጋት?» አሉኝ። እንዴት ደስ እንዳለኝ! ሊመልስ አፌ ተከፈተ። ግን በሕጉ ፈተና ያነበብኩት ትዝ አለኝ። ፈቃድ ያለው አማካሪ እንኳ የሰውየውን ሁኔታ፣ ገንዘቡን መቼ እንደሚፈልገው፣ ምን ያህል ኪሳራ እንደሚችል ሳይጠይቅ መምከር የለበትም። እኔ ደግሞ ፈቃድ የለኝም። «አባባ፣ ይህን ግዙ አልልዎትም፣ አልተፈቀደልኝም። ግን ባንክ ሲሄዱ የሚጠይቁትን ልጻፍልዎት» አልኳቸው። የጻፍኩላቸው አራት ጥያቄዎች ናቸው። ለሁላችሁም ስለሚጠቅሙ ልድገማቸው።

ገንዘቤን መቼ መቼ ማውጣት እችላለሁ? በዕብራይስጥ «ማታይ ታሐናት ሀየጺኣ?» በሉ።

ከዚያ ቀን በፊት ባወጣው ምን አጣለሁ?

ድሜ ኒሁል፣ ማለትም የአስተዳደር ክፍያው ስንት ነው? ትንሽ ይመስላል። ግን 100,000 ሼቄል በዓመት 4 በመቶ እያተረፈ ለ20 ዓመት ቢቀመጥ፣ ክፍያው ግማሽ በመቶ ከሆነ በመጨረሻው ወደ 199,000 ይሆናል። ክፍያው 1 በመቶ ከሆነ ወደ 181,000 ነው። በግማሽ በመቶ ልዩነት ከ18,000 ሼቄል በላይ ይሄዳል።

አራተኛው፦ አንተ ዮዔጽ ነህ ወይስ ሜሻቬክ? በሕጉ ሁለቱ ይለያሉ። ዮዔጽ ከሚመክረው ዕቃ ጋር የጥቅም ግንኙነት ሊኖረው አይገባም። ሜሻቬክ ግንኙነት አለው፤ ያንንም ለደንበኛው መግለጽ ግዴታው ነው። መጠየቅ ነውር አይደለም፣ መብት ነው።

ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ፋይናንስ የሌሎች ቤት ነገር አይምሰላችሁ። ከዚህ ፈተና ውስጥ ግማሹን በዕቁብ፣ በደመወዝና በአያቶቻችን ሥራ አውቀነው ነው ያደግነው። የማናውቀው ስሙን ነው። ስሙ ደግሞ ይጠናል። ሲያስቸግራችሁ ግን ራሳችሁን አትነቅንቁ፣ እጃችሁን አውጡና «አልገባኝም» በሉ። እኔ ይህን ለማለት አሥር ዓመት ፈጅቶብኛል።

የመጨረሻው ፈተናዬ ከፊቴ ነው። ልወድቅም እችላለሁ። ከወደቅሁ በዚያው ቀን ለእናቴ እነግራታለሁ፣ ዓርብም ሽንኩርት እየከተፍን እንደገና እንጀምራለን።

ሦስት ዓምድ ያለውን ደብተሬን አባዝቼ በማኅበሩ ቢሮ አስቀምጫለሁ። ከ200 በላይ ቃላት አሉበት። ውሰዱት፣ የተሳሳተ አማርኛ ካገኛችሁ አርሙልኝ። በተለይ እናቶችና አባቶች፣ የተሻለ ቃል እናንተ ጋ አለ። ሐሙስ ማታ ማታም በማኅበሩ ክፍል እኔና ሌሎች ሁለት ልጆች እናጠናለን። ለመፈተን የሚፈልግ ይምጣ። ከባንክ የመጣለትን ወረቀት ይዞ «ይህ ምን ማለት ነው?» ለማለት የሚፈልግም ይምጣ። አብረን እናነበዋለን።